ኳሱን የጣለውን ትቼ ያልሮጠውን መፈለግ ጀመርኩ

ራግቢ የማሠለጥነው ራግቢ ስለማውቅ አይደለም። በካልሲ ኳስ ያደግሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ኤድንብራ ከመጣሁ በኋላም ራግቢ ማለት ለእኔ የመንገድ መዘጋት ነበር። ሙራይፊልድ ስታዲየም 67 ሺህ ሰው ይይዛል። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። የቀረውን ገምቱት።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጓደኞቹን ተከትሎ የሰፈራችን ክለብ ገባ። እኔ በየሳምንቱ መስመር ዳር ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ። አንድ ቅዳሜ አንድ አሠልጣኝ ቀረና ሕፃናቱን የሚመሩት ሽማግሌ "ከቆምክ አይቀር እነዚህን ኮኖች ደርድርልኝ" አሉኝ። በዚያው ቀረሁ። ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሁሉ ግዴታ የሆነውን ፒቪጂ የሚሉትን የጀርባ ማጣሪያ አለፍኩ፣ አጭር ኮርስ ወሰድኩ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚህ ዕድሜ መጣጣል የለም። ልጆቹ ወገባቸው ላይ ሪባን ያስራሉ፤ ኳስ የያዘውን ማስቆም ማለት ሪባኑን መንጠቅ ነው። ያስቸገረኝ ሌላው ሕግ ነበር። ኳስ በእጅ የሚሰጠው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደ ፊት ለመሄድ ወደ ኋላ መስጠት! ለካልሲ ኳስ ልጅ ይህን አስረዱት እስቲ።

ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ያሳየናትን አሰጣጥ አንድም ቀን ሰጥታ አታውቅም። በራሷ ላይ ትወረውራለች፣ በጀርባዋ ትሰጣለች። ብዙው መሬት ይወድቃል፣ ሌላው ለተጋጣሚ ይደርሳል። አንዳንዱ ግን ጉድ ያሰኛል። አንድ ቀን ውድድር ላይ ልናሸንፍ ደቂቃ ሲቀረን ሳታይ ወደ ኋላ ሰጠች። ማንም አልነበረም። ተጋጣሚ አንስቶ ሮጠ፣ አገባ። እኔም በሰው ሁሉ ፊት "ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ሰባት ዓመቷ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በሚቀጥለውም።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ኮን ስንሰበስብ "ግሬጎር ታውንሰንድ ሲጫወት አይተህ ታውቃለህ?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ መሆኑን እንጂ ተጫዋችነቱን አላውቅም ነበር። እሳቸው የጋላሺልስ ሰው ናቸው፤ ታውንሰንድ ያደገባት ከተማ ማለት ነው። ባለ ሰባት ተጫዋቹ ራግቢ በ1883 የተጀመረባት ሜልሮዝም እዚያው አጠገብ ናት። ይህንን ሁለተኛውን በየሳምንቱ ይነግሩናል።

ማታ ዩቲዩብ ከፈትኩ። ዓመቱ 1995 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ቦታው ፓሪስ። ስኮትላንድ ከ1969 ወዲህ እዚያ አሸንፋ አታውቅም። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ፈረንሳይ 21 ለ 16 ትመራለች። የ21 ዓመቱ ታውንሰንድ ኳስ ይዞ ወደ ተከላካዮቹ ገባ። ሊይዙት ሲሉ በአንድ እጁ ገልበጥ አድርጎ አሳለፈ። አምበሉ ጋቪን ሄስቲንግስ እየበረረ መጥቶ ተቀበለና በምሰሶዎቹ መሃል አስቆጠረ፤ ተጨማሪውን ምት ራሱ መትቶ 23 ለ 21። ያቺን አሰጣጥ ስኮቶች ዛሬም በታውንሰንድ ቅጽል ስም "ቱኒ ፍሊፕ" ይሏታል።

ወይ ጉድ፣ የእኛይቱ ልጅ አሰጣጥ እኮ ነው!

ከዚያ እንቅልፍ የለም። ታውንሰንድ ለስኮትላንድ 82 ጊዜ ተሰልፏል። በ1997 ከአገራቱ ከተውጣጣው የብሪታኒያና አየርላንድ አንበሶች ቡድን ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ካሸነፉት ውስጥ ነበር። በ1999 የአምስቱ አገራት ውድድር በአራቱም ተጋጣሚዎች ላይ ትራይ (ኳስ ይዞ የመጨረሻውን መስመር አልፎ መሬት ማስነካት) አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰዱ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አንድ ቀን የሚያስጨበጭብ፣ አንድ ቀን ፀጉር የሚያስነጭ ተጫዋች ነው ይሉት ነበር።

እኔን የያዘኝ አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ያለው ነው። በ2012 ግላስጎው ዋሪየርስ የሚባለውን የስኮትላንድ ክለብ ያዘ። በ2014 በሊጉ ፍጻሜ በአየርላንዱ ሌንስተር 34 ለ 12 ተሸነፉ፤ በዓመቱ ሌላውን የአየርላንድ ቡድን መንስተርን 31 ለ 13 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ። እዚያ 10 ቁጥሩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው፣ ፊን ራስል ነበር። ድንጋይ ጠራቢ የነበረ ልጅ፣ የማይወረወረውን የሚወረውር፤ ወጣቱ ታውንሰንድ ራሱ በሉት። ይዋደዳሉ ብላችሁ ትገምታላችሁ አይደል?

በ2019፣ ሁለቱም ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ሳሉ፣ ለንደን ትዊክንሃም ስታዲየም ላይ እንግሊዝ ስኮትላንድን 31 ለ 0 ትመራ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ስለ አጨዋወቱ ተከራከሩ፤ ራስል ራሱ በኋላ ተናግሮታል። ከእረፍት መልስ ስኮትላንድ 38 ለ 31 መምራት ቻለች፤ በመጨረሻ ደቂቃ 38 ለ 38 አለቀ። በ2020 ጭራሽ ተጣሉና ራስል ከስድስቱ አገራት ውድድር (ያው የድሮው የአምስቱ አገራት ነው) ቀረ። በዚያው ዓመት ተመለሰ። በ2022 ታውንሰንድ እንደገና ተወው፣ እንደገና ጠራው።

ደፋሩ ሰውዬ አሠልጣኝ ሲሆን የሌላውን ድፍረት መቻል ከበደው ማለት ነው። እሱ ከከበደው እኔ ማን ነኝ? ከዋንጫዎቹ ይልቅ ይሄ አጽናናኝ።

ልጅቷ ቤት ሄጄ እናቷን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ተንበርክኬ እሷን። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ "ቅዳሜ ዝናብ ነው?" አለችኝ። ያው ይቅርታው ይኸው ነበር።

የፓሪሱን ቪዲዮ ደጋግሜ ሳየው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ታውንሰንድ እጅ ነው። ሄስቲንግስ በዚያ ፍጥነት ባይመጣ ኳሱ መሬት ወድቆ የሚሰደበው ወጣቱ ታውንሰንድ ነበር። በእኛ ውድድር ላይ ልጅቷ ስትሰጥ ሌሎቹ የት ነበሩ? ቆመው ያዩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ልጅ ነው።

አሁን ኳስ ሲወድቅ የምናገረው ሰጪውን አይደለም። "ማን ነው መምጣት የነበረበት?" እላለሁ። ልምምድ ላይም ግማሹን ሰዓት ኳስ ሳይዙ የያዘውን እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እሰለቻለሁ። በመጀመሪያው ወር ከወትሮው የበለጠ ተሸነፍን። አንድ አባት ልጆቹን እያበላሸህ ነው አለኝ። እስካሁን ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

ሌላው ሥራዬ አፌን መዝጋት ነው። ስህተት ሳይ ከመናገሬ በፊት በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ለልጄ መኪና ውስጥ ስነግረው ሳቀብኝ።

"አባዬ፣ ጮክ ብለህ እኮ ነው የምትቆጥረው" አለኝ። "ደግሞ ሦስት ላይ ነው የምትጮኸው።"