ወደ ራትልስኔክ ካንየን ቅስቶች፦ ጉዞውን ከመልሱ ጀምሬ ያቀድኩበት መንገድ

በአሜሪካ ምዕራብ የተፈጥሮ ድንጋይ ቅስት ማየት እፈልጋለሁ ላለ ሰው ሁሉም የሚነግረው ዩታ ውስጥ ስላለው የአርችስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከ2,000 በላይ ቅስቶች ያሉበት ቦታ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። የእኔ ልብ ግን የሄደው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ፍሩታ ከምትባል ትንሽ ከተማ ማዶ ወዳለው ራትልስኔክ ካንየን (ካንየን ማለት ገደላማ ጥልቅ ሸለቆ ነው) ነበር። ከአርችስ ቀጥሎ ቅስት በብዛት ተሰብስቦ የሚገኘው እዚህ እንደሆነ ይነገርለታል። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ስለተደረገ ሞተርም ብስክሌትም አይገባበትም፤ ቅስቶቹን የሚያይ በእግሩ የሄደ ብቻ ነው። እኔን የሳበኝ ይኼው ነው፣ ዕቅዱንም ያከበደው ይኼው ነው።

መድረሻው ሁለት መንገድ አለው። ላይኛው ኮሎራዶ ናሽናል ሞኑመንት በሚባለው የመንግሥት ፓርክ በኩል አልፎ ብላክ ሪጅ በተባለው ከፍታ ላይ በአፈር መንገድ የሚሄድ ነው። በመኪና ብዙ ስለሚጠጉ የእግሩ ክፍል አጭር ነው፤ ግን መጨረሻው ላይ ከፍ ያለ ፎርዊል ድራይቭ መኪና ይፈልጋል። በዚያ ላይ ወቅት አለው። ከኤፕሪል 15 እስከ ኦገስት 15 አንደኛው የብላክ ሪጅ መንገድ፣ ከኦገስት 15 እስከ ፌብሯሪ 15 ሌላኛው ይከፈታል፤ ከፌብሯሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ሁለቱም ዝግ ናቸው። ዝናብ ከነካው ደግሞ ጭቃው ጎማ ስለሚይዝ መሞከሩ ራሱ ከንቱ ነው። ታችኛው መንገድ ፖሎክ ቤንች ከሚባለው መነሻ ይጀምራል። ማንኛውም መኪና ይደርስበታል፤ ዋጋው የሚከፈለው በእግር ነው፣ ደርሶ መልሱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እኔና ጓደኛዬ ያለችን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ስለሆነች በፖሎክ ቤንች ወሰንን። ያ ከተወሰነ በኋላ ወሩ ራሱ መጣ። በጋው ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ 25 ኪሎ ሜትር ጥላ በሌለው ድንጋይ ላይ በዚያ ሙቀት አይታሰብም። ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ ፀጉር ውስጥ እየገባ የሚነክስ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንኝ አለ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር የነጎድጓድ ዝናብና ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ ደራሽ ጎርፍ ደግሞ ከራስህ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ርቆ በዘነበ ዝናብ ሸለቆውን ሞልቶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ኦክቶበርን መረጥን። ብቸኛው ጉዳቱ የቀኑ ማጠር ነው፤ ብርሃን የምታገኘው 11 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዕቅዱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሥራት የጀመርኩት። ካርታውን ዘርግቼ ያየሁት ስለ ቅስቶቹ ሳይሆን ስለ ፖሎክ ካንየን ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ቤንቹ፣ ማለትም ከፍ ብሎ ወዳለው ደልዳላ ቦታ ይወጣል፣ ከዚያ ፖሎክ ካንየን ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ራትልስኔክ ይወጣል። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር፣ በትኩስ ጉልበት የወረድከውን ያንኑ ገደል ከሰዓት በኋላ ደክመህ ትወጣዋለህ ማለት ነው። ስለዚህ የውሃውም የሰዓቱም ሂሳብ ለዚያች ዳገት ተሠራ።

ውሃ፦ በበረሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ነው የሚመከረው። በመንገዱ ላይ የምተማመንበት ምንጭ ስላልነበረ እያንዳንዳችን 5 ሊትር ተሸከምን። አምስት ኪሎ ነው፣ ትከሻ ላይ ይሰማል። ከዚያ ውስጥ አንዱን ሊትር ከቦርሳው ሥር ቀበርነው፤ ለመልሱ ዳገት ካልሆነ አይከፈትም ተባባልን። ጨው ያለው ምግብም ያዝን፤ እያላቡ ውሃ ብቻ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፣ የራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ደግሞ የውሃ ጥም ስለሚመስል ሰውን ያሳስታል።

ሰዓት፦ ጎህ ሲቀድ ለመነሳት፣ የትም ብንሆን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለመመለስ ተስማማን። ካርታውን ስልካችን ላይ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርደን፣ በወረቀትም ይዘን፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ጨምረን፣ ቤት ለቀረው ሰው የመነሻውን ቦታና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወልን ለማን እንደሚደውል ጽፈን ተውን።

መንገዱ እንደታሰበው ሄደ። ብዙ ቦታ ላይ ዱካው የሚታወቀው በትንንሽ የድንጋይ ቁልሎች ነው፤ አንዱ ጋ ቆመህ ቀጣዩን ሳታይ መንቀሳቀስ የለብህም። በየግራ ቀኙ ጥቁር፣ ሸካራ፣ የተንኮረፈፈ የሚመስል አፈር ታያለህ። ያ በድን አፈር አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያና ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን አሸዋውን አያይዘው የሠሩት ቅርፊት ነው፣ መሬቱን በነፋስ ከመወሰድ የሚጠብቀው እሱ ነው። አንድ ጫማ የሰበረው ለመዳን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ አገር ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ሰው ፎቶ ለማንሳት ብሎ በዚህ ቅርፊት ላይ ያለፈበትን አሻራ ማየት ነው። ባዶ ድንጋይ፣ ደረቅ የጎርፍ መውረጃና የተረገጠው ዱካ እያሉ ሌላ ቦታ የሚያስረግጥ ምክንያት የለም።

ከዚያ ቅስቶቹ መጡ። ከገደሉ ግርጌ ይዞ በሚሄደው ዱካ ላይ አንዱን ስታልፍ ሌላው ብቅ ይላል። ድንጋዩ ኢንትራዳ የሚባለው አሸዋ ድንጋይ ነው፣ በጁራሲክ ዘመን የተከመረ አሸዋ። የወደቀ ቁራጭ አንስቼ በአውራ ጣቴ ሳሸው ፍሬ ፍሬው ተለቀቀ፤ ደቃቅ፣ ቀላ ያለ፣ ክብ ክብ አሸዋ። ይህን አሸዋ እንደ ሲሚንቶ ያያያዘውን ካልሳይት የተባለ ማዕድን የዝናብ ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባውም በክረምት በረዶ ሆኖ ይገፋዋል። ራትልስኔክ ላይ ደግሞ ሁለት ሥራ በአንዴ ይታያል፦ ከላይ ከገደሉ አናት ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ወደ ታች ይበላል፣ ከፊት ከገደሉ ገጽ ዋሻ ወደ ውስጥ ይበላል። ሁለቱ ሲገናኙ ቅስት ይሆናል። ከሥር ቆሜ ቀና ስል ሰማዩ ከግድግዳው ኋላ በተቀደደ ቀዳዳ የሚታየኝ ለዚህ ነበር።

ምሳችንን ግን ከቅስቱ ሥር ሳይሆን ራቅ ብለን በላን። አርችስ ፓርክ ውስጥ 88 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ከላንድስኬፕ አርች እ.ኤ.አ. በ1991 ትልቅ የድንጋይ ቁራጭ ወድቋል፤ ዎል አርች ደግሞ በኦገስት 2008 በሌሊት ሙሉ በሙሉ ተደርምሷል። ድንጋዩ ሥራውን አላቆመም።

መጨረሻ አካባቢ ባለው፣ አንዳንዶች ሴዳር ትሪ ሌሎች ሬይንቦው በሚሉት ቅስት ውስጥ አልፎ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ ዳገታማ ልሙጥ ድንጋይ አለ። ጓደኛዬ ዓይኑ እዚያ ቀረ።

«ትንሽ እንውጣና እንመለስ» አለኝ።

«መውጣቱን እንወጣዋለን፤ መውረዱስ?» አልኩት። ሰዓቱን አየ፣ ለ7 ሩብ ጉዳይ ነበር። ሳንጨቃጨቅ ዞርን።

ፖሎክ ካንየን ስንደርስ ፀሐይ ዳገቱን ፊት ለፊት ይዛዋለች። የተቀበረችውን ሊትር ከቦርሳ ያወጣነው ዳገቱ ሥር ነው፤ ግማሿን ከመውጣታችን በፊት፣ ግማሿን ከላይ ጠጣን። መኪናው ጋ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር፣ ባትሪውም ከቦርሳ አልወጣም።

ቀጣዩ ሐሳቤ ላይኛው መንገድ ነው። ሊሞከር የሚገባው ከኤፕሪል 15 በኋላ፣ ትንኙ ሳይነሳ ባሉት ሳምንታት ነው። ፎርዊል ድራይቭ ያለው ሰው እያፈላለግን ነው፤ ከመነሳታችን በፊት ግን ቦታውን ለሚያስተዳድረው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ደውለን መንገዱ መድረቁን እንጠይቃለን።