ሙሽራዋ ሰርጉን ጥላ ስትወጣ

ዛሬ እረፍት ስለነበርኩ ከእማዬ ጋር "ሜድ ኢን ሄቨን" የሚባለውን የህንድ ተከታታይ ድራማ ሳይ ዋልኩ። በ2019 እ.ኤ.አ. አማዞን ፕራይም ላይ የወጣ ነው። ዴልሂ ውስጥ ሰርግ የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ በየክፍሉ የአንድ ቤተሰብ ጉድ ይወጣል።

አንዱ ክፍል ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። የሙሽራው ወላጆች ከሴቷ ቤተሰብ በድብቅ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እኛ ጥሎሽ ስንል ወንዱ የሚያመጣውን ነው፤ እዚያ ከፋዩ የሴቷ ወገን ነው፣ ያውም ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ እያለ። ሙሽራዋ፣ የተማረች ልጅ ናት፣ እጮኛዋም ነገሩን እንደሚያውቅ ስትረዳ ሰርጉን ጥላ ትወጣለች። እማዬ "እሰይ የኔ ልጅ!" ብላ ተነሳች።

እሷ የለመደችው አማት ምራቷን ስታስለቅስ፣ ምራቷም ችላ ስትኖርና በመጨረሻ ስለመቻሏ ስትመሰገን ነው። የህንድ ቴሌቪዥን ለዓመታት ጥሩ ሚስት ማለት ቻይ ናት ሲል ኖሯል። በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው "ባሊካ ቫዱ" የሚባለው ድራማ እንኳን በ8 ዓመቷ የተዳረችውን አናንዲን ይዞ የልጅነት ጋብቻን ሊያወግዝ ተነስቶ፣ ልጅቷን ያደነቃት ይበልጥ በትዕግስቷ ይመስለኛል። ይሄ ያናድደኛል። ትዕግስት ከተበዳይ ብቻ ለምን ይጠበቃል?

አዲሶቹ ድራማዎችም ቢሆኑ ወርቁን፣ አበባውን፣ ልብሱን እያሳመሩ ስለሚያሳዩን ሰርጉን እየተቹት ያስመኙናል። እኔም ተመኝቻለሁ።

ክፍሉ ሲያልቅ እማዬ ዝም ብላ ቆየችና "ነገ ሰፈሩ ምን ይላት ይሆን?" አለችኝ። ቀጣዩ ክፍል ሌላ ሰርግ ነበር።