በደጋ አገር ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን ይነጠፍ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች ውርጭ ይጥላል። በእነዚህ ወራት ዝናብ ሳይጥል የቤታችን ኮርኒስ ይረጥብ ነበር። ቆርቆሮው አርጅቶ የሚቀየርበት ጊዜ ስለደረሰ ከሥሩ ምን እንደሚነጠፍ መምረጥ ነበረብኝ፤ አስቀድሜ ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ፈለግሁ።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ከመታች በኋላ በመሰላል ወጥቼ ከኮርኒሱ በላይ ተመለከትሁ። ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት፣ በስተው ወደ ታች የወጡት የምስማር ጫፎች ሁሉ ዝገዋል፤ በየጫፋቸውም ጠብታ ተንጠልጥሏል። በምስማር ቀዳዳ የሚገባ ዝናብ ቢሆን ኖሮ በክረምት በባሰ ነበር። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከምጣዱ፣ ከጀበናውና ከተኛው ሰው እስትንፋስ የሚነሣው እንፋሎት በኮርኒሱ ስንጥቅ አልፎ ቆርቆሮውን ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ በረዶ ሆኖ ይጣበቅና ጠዋት ይቀልጣል። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ዕቃ ሳይሆን ሦስት ነገር መሆኑ ገባኝ፦ ጠብታውን ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚያወርድ ንጣፍ፣ እንፋሎቱን ከታች የሚያግድ ሽፋን፣ እንዲሁም ሙቀቱን በቤት ውስጥ የሚያቆይ ወፍራም ነገር።

ለንጣፉ ተራ ፕላስቲክና ካትራሜ የተቀባ ወረቀት ቢቀርቡልኝም ሁለቱንም ተውኋቸው፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል፣ ሁለተኛው ከሚግል ቆርቆሮ ሥር ይለሰልሳል፣ ይሸታልም። የመረጥሁት በጨርቅ መሰል ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ የአልሙኒየም ፎይል ነው። አብረቅራቂ አልሙኒየም ከሚደርስበት የጨረር ሙቀት አብዛኛውን ይመልሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከፊቱ ክፍት አየር ካለ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ከነካ እንደማንኛውም ብረት ሙቀቱን ያስተላልፋል። አናጢው «ጋሼ፣ ሞራሌው ላይ ወጥረን ቆርቆሮውን ብንጭንበት ቶሎ ያልቃል» ቢለኝም፣ ከሞራሌው በታች፣ ሞራሌውን በተሸከመው ተዳፋት እንጨት ማለትም በወራጁ ላይ እንዲነጠፍ አደረግሁ፤ በዚህም የሞራሌው ቁመት የአየር ክፍተት ሆነልን። ፎይሉ በወራጆቹ መካከል ትንሽ እንዲረግብ ተደረገ፤ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚወርደው ውኃ በየሞራሌው እየተገደበ እንጨቱን ያበሰብሰው ነበር። የላይኛው ቅጠል በታችኛው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርቦ፣ የመጨረሻው ጠርዝ አሸንዳው ውስጥ ገባ። ጫፋቸው ፎይሉን እንዳይበሳም አጫጭር ምስማሮች ተጠቀምን።

ሙቀት ለመያዝ የቀረቡት አማራጮች ስታይሮፎም (ቀላል የፕላስቲክ አረፋ) እና ፋይበር ግላስ (እንደ ጥጥ የለሰለሰ የመስታወት ክር) ነበሩ። በሙቀት መከላከል ረገድ ብዙም አይበላለጡም፤ ሁለቱም ሙቀት የማስተላለፍ አቅማቸው ከብረት ከ1,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። ስታይሮፎም ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦን የፕላስቲክ ልባስ ለረጅም ጊዜ ከነካው ያደርቀዋል፤ በእኛ ኮርኒስ ላይ ደግሞ ሽቦው እንደ ሐረግ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፋይበር ግላስ ከኮርኒሱ በላይ አነጠፍን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ጣሪያ ሥር ብርድ ልብስ መዘርጋት ያስቃል፤ ይሁን እንጂ ይህኛው ከረጠበ ዋጋ የለውም። ለዚህም ነው ከእሱ በታች፣ ማለትም በሞቃቱ በኩል፣ መጋጠሚያዎቹ በፕላስተር የታሸጉ ወፍራም ፕላስቲክ ያስቀደምሁት። የመብራት ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችና የኮርኒሱ መግቢያ ክዳን ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ጠየቁ፤ ትልቁ እንፋሎት የሚያመልጠውም በእነሱ በኩል ነው። ፋይበር ግላሱን የሚያነጥፍ ሰው ጓንት፣ ጭምብልና እጅጌው ረጅም ልብስ ያስፈልገዋል።

ለቆርቆሮው 32 ጌጅ ትቼ 28 ጌጅ ወሰድሁ፤ ጌጅ የውፍረት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። የሐምሌ ዝናብ ድምፅ በጣም ቀንሷል፤ በረዶ ሲጥል ግን ዛሬም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምናወራው።

በተከታዩ ታኅሣሥ ወደ ላይ ወጥቼ ሳይ በቆርቆሮው ሥር ጠል አሁንም ነበር፤ የውጭው አየር ራሱ እርጥበት ስላለው ይህ የሚጠበቅ ነው። ውኃው ግን በፎይሉ ላይ ወርዶ አሸንዳው ውስጥ ይገባል፣ ፋይበር ግላሱም ደረቅ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የአየር መተላለፊያ ትቼ አይጥና ወፍ እንዳይገቡ በወንፊት ሽቦ ሸፍኜዋለሁ። ጎረቤቶቼ በብርድ ወራት በጨርቅ ልድፈነው ወይ እያሉ ያስቸግሩኛል። ሙቀቱን የሚይዘው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ፋይበር ግላስ ስለሆነ፣ ከእሱ በላይ ያለው አየር ቢቀዘቅዝ ክፍሎቹን አይጎዳም፤ መተላለፊያው ቢደፈን ግን ሾልኮ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ከፎይሉ ሥር ውኃ ይቋጥራል።