ዲፌንስ ላይ ፋይንዲንጉ መጨረሻ የሚቀርበው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን ግቢያችን ውስጥ ሱፍ ለብሶ ፍላሽ በእጁ ይዞ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ልጅ ካያችሁ ዲፌንስ ያለበት ነው፣ የመመረቂያ ጥናቱን መምህራን ፊት ቆሞ የሚያቀርብበት ማለት ነው። እኔም ኤግዛማይነር ሆኜ ዛሬ ብቻ ዘጠኝ ልጅ ሰማሁ፣ በጣም ደክሞኛል ግን ይሄን ሳልጽፍ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ለአንድ ተማሪ የምንሰጠው 15 ደቂቃ ነው። አስሩ በባክግራውንድ፣ በጄኔራል ኦብጀክቲቭ፣ በስፔሲፊክ ኦብጀክቲቭ ምናምን ያልቃል፣ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ ሲደርስ ደሞ ሁላችንም የምናውቀው ዴፊኒሽን ከስላይዱ ቃል በቃል ይነበባል፣ ከዛ ሰብሳቢው "ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል" ሲለው ልጁ ይደነግጥና ወራት የለፋበትን ፋይንዲንግ፣ ማለትም ያገኘውን ውጤት፣ ስላይዱን እየገፋ ያልፈዋል። እኛ ልንሰማ የመጣነው እኮ እሱን ነበር!

አንዷ ልጅ የጉሊት ነጋዴ ሴቶችን እቁብ ነው ያጠናችው። 12 ሴት ኢንተርቪው አድርጋ "58.33 ፐርሰንት" ብላ ጽፋለች፣ ሰባት ሴቶች ማለት ነው። ሰባት ብትል ይበቃ ነበር፣ ምክንያቱም አንዷ ሴት መልሷን ብትቀይር ቁጥሩ ከስምንት ፐርሰንት በላይ ይዘላል፣ ታዲያ ከነጥብ በኋላ ያለው 33 ምን ይነግረናል? ይሄን የጠየቃት ግን የለም፣ አንዱ ፎንቱ ታይምስ ኒው ሮማን አይደለም አላት፣ ሌላው ማውጫው ከገጹ ጋር አይገጥምም አላት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ "ኮመንቱን ተቀብያለሁ" እያለች ትጽፋለች።

ተራዬ ሲደርስ "እስቲ ፐርሰንቱን ተይውና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠሽ ያየሽውን በአማርኛ ንገሪን" አልኳት። "ቲቸር ይቻላል?" አለች። ከዛ በኋላ ማን ያስቁማት። አንዳንዶቹ ሁለት እቁብ አላቸው፣ የቀኑ ለሽንኩርትና ለቲማቲም መግዣ ነው፣ የሳምንቱ ለቤት ኪራይና ለልጅ ዩኒፎርም፣ ዕጣ የደረሳት ሴት ልጇ ለታመመባት ጓደኛዋ ተራዋን ትለቃለች፣ ባል የሚያውቀው አንዱን ብቻ የሆነባቸውም አሉ አለችን። ክፍሉ ጸጥ አለ። "ይሄ ፔፐርሽ ላይ የት አለ?" ስላት "ቁጥር ይብዛበት ስለተባልኩ አወጣሁት" አለች። ልቤን ነው የነካኝ።

ለጥናት ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለብህ የሚያሰላው የያማኔ ፎርሙላም እንደዛው ነው። ሁሉም ሸምድዶታል፣ 0.05 ካስገባህበት ለ1000 ሰው 286 ይሰጥሃል፣ ሕዝቡ ሚሊዮን ቢሆን እንኳን ከ400 አያልፍም። ግን 0.05ቷ ምንድን ናት ስትለው ዝም ይላል፣ የምንፈቅደው የስህተት መጠን ናት። ደሞ ያንን 286 ሰው በዕጣ ካልመረጥከውና መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ካስሞላህ ፎርሙላው ምንም አይጠቅምህም። ይሄን ደሞ ዲፌንስ ላይ መንገር ምን ዋጋ አለው? ልጁ ጋውን ተለክቶ ቤተሰቡ ለምርቃቱ ጠላ እየጠመቀ "ሳምፕሊንግህ ልክ አይደለም" ብትለው ወደኋላ ተመልሶ ዳታ ሊሰበስብ አይችልም፣ ቦታው ፕሮፖዛል ላይ ነበር፣ እኛ ግን ፕሮፖዛሉን በአምስት ደቂቃ አይተን እንፈርማለን። እኔም ፈርሜያለሁ።

እኔ የማማክራቸውን ልጆች ከዲፌንስ በፊት ላፕቶፑን አዘግቼ "ከሌላ ዲፓርትመንት ለሆነ የዶርም ጓደኛህ ምን እንዳገኘህ በሁለት ደቂቃ ንገረው" እላቸዋለሁ፣ ያ የነገረው የመጀመሪያ ስላይዱ ይሆናል። እኛ መምህራን ደሞ የፊደልና የማርጂን ስህተቱን ሃርድ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ አክብበን ብንሰጣቸው ጥያቄ የምንጠይቅበት ጊዜ ይተርፈናል፣ ለምን ሰው ፊት እናነበዋለን?

ማታ ልወጣ ስል ልጅቷ በር ላይ ጠብቃኝ "ቲቸር ያወጣሁትን መልሼ ላስገባው?" አለችኝ። ሳታስጠርዢው በፊት እስከ አርብ አምጪልኝና አብረን እናየዋለን አልኳት።