ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ

እንጀራዬ ሠርግ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ስሠራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሙሽራ፣ ምረቃ፣ ክርስትና፣ ጉርድ ፎቶ። ወፍ አንስቼ አላውቅም ነበር። አምና ነሐሴ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለአዲስ ዓመት የግድግዳ ካላንደር አዘዘን። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13 ገጽ፣ በየገጹ አንድ የአካባቢያችን ወፍ። ቀብድ ተቀበልን፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ካሉኝ ሌንሶች ረጅሙ 70-200 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ሩቁን ያቀርባል። ተክሊል ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ሆኜ የሙሽሪትን እንባ የማነሳው በእሱ ነው። ለወፍም ይበቃኛል ብዬ ወጣሁ። ርግቦቹ ሰው ስለለመዱ አላስቸገሩኝም። ቁራው ግን አስቸገረኝ። ፋሲል መዋኛ ግቢ ውስጥ፣ ሥራቸው ግንቡን ጠፍንጎ ከያዘው ዛፎች በአንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሥር ወደ ላይ አንጋጥጬ አነሳሁ። ከጀርባው ያለው ነጭ ሰማይ ነበር። ካሜራው በሰማዩ ብርሃን ተታሎ ወፉን ከሰል አደረገብኝ። እኔም ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ ሁለት ስቶፕ (አራት እጥፍ) ከፍ አደረግኩና ላባው ታየ። ደስ አለኝ።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ወፉ ከፎቶው ስፋት ሩብ ያህሏን ብቻ ነው የያዘው። ቆርጬ አቀረብኩት። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ የፎቶው ስፋት 6,000 ፒክስል። ሩቡ 1,500 ማለት ነው። ካላንደሩ ደግሞ ኤ3 ነው፤ በረጅሙ ጎን 42 ሴንቲ ሜትር። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥርት ብሎ እንዲታተም ወደ 5,000 ፒክስል ይፈልጋል። ይህን ስሌት ለሠርግ አልበም በየሳምንቱ እሠራዋለሁ። ያን ቀን አልሠራሁትም።

ከዚያ ኤዲት ጀመርኩ። ስምንት ዓመት እጄ የለመደው አንድ ነገር ነው፤ የሙሽራ ግንባር ላይ ያለ ወዝ ማጥፋት። ቁራው ማጅራት ላይ የሚያበራ ነጭ ነገር አየሁ። ውስጡ ላባ የለውም፤ ባዶ ነጭ ነው። ከኋላው ካለው ሰማይ ጋር ተቀላቅሏል። ብርሃን ያቃጠለው መስሎኝ በጥቁር ሸፈንኩት። የመንቁሩ ጫፍ ላይም ትንሽ ነጭ ነበረች። እሷንም አጠፋሁ።

ናሙናውን አትመን ወሰድን። የማረፊያው ባለቤት ገጾቹን እያገላበጡ «ቆንጆ ነው» አሉ። አጠገባቸው አንድ አስጎብኚ ተቀምጠዋል። ሰሜን ተራራ እንግዳ ሲያወጡ ሲያወርዱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ቁራው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ምን ወፍ ነው?»

«ቁራ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ቁራ? ማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ የት አደረግሽው?»

ዝም አልኩ።

«የመንቁሩም ጫፍ ነጭ ነው። እሱም የለም። የኔ ልጅ፣ ይሄ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይገኝም። ፈረንጁ እሱን ለማየት ነው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው። አንቺ ምልክቱን አጥፍተሽ የማንም አገር ቁራ አደረግሽው።»

ልጅ ሆኜ እናቴ ቋንጣ ስታሰጣ ቁራ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ያንን ነጭ ማጅራት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስክሪን ላይ ሳየው ግን ወዝ መሰለኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለቤቱ አምስት ቀን ሰጡን። አስጎብኚው አልተቆጡም። ይልቅ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ወደ ላይ እያንጋጠጥሽ አታንሺው አሉኝ። ከብት ያለበት ሂጂ። ይህ ቁራ በዚያ ወፍራም መንቁሩ እበት ግራና ቀኝ እየበተነ ውስጡ ያለውን ትል ይለቅማል። ያኔ መሬት ላይ ነው፤ ሥራው ላይ ስለሆነ ለሰው ግድ የለውም።

150-600 ሌንስ ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ ለመንኩ። ይዞልኝ ይመጣል የተባለው ሰው የቁራ መልእክተኛ ሆነና ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቁስቋም ወዲያ ካለ ግጦሽ ሄድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ደምኗል። ለጥቁርና ለነጭ ወፍ ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም፤ ጥላው ይለሰልሳል፣ ነጩም አይጮህም። ፌስታል አንጥፌ እርጥቡ ሣር ላይ በደረቴ ተኛሁ። ሌንሱ ከወፉ ዓይን እኩል ሆነ። ከኋላው ያለው ሣር ርቆ አረንጓዴ ጭጋግ መሰለ።

በዚያው ርቀት 600 ከ200 ወፉን በቁመትም በወርድም ሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። ፎቶው ላይ ዘጠኝ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ያን ያህል መቁረጥ አላስፈለገኝም። መዝጊያውን 1/1000 ሰከንድ ላይ አደረግኩ፤ ጭንቅላቱ አያርፍማ። ኤክስፖዠሩን በዚህ ጊዜ ዝቅ አደረግኩት። ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ላይ ጥቁሩን በኋላ ማፍካት ይቻላል፤ ተቃጥሎ የጠፋ ነጭ ግን አይመለስም።

ረጅም ጊዜ ጠበቅኩ። ቁራ ዓይኑ ጥቁር፣ ፊቱ ጥቁር ነው። ዓይኑ ላይ ብርሃን ካላረፈ ፊት የለውም። አጎንብሶ እበቱን ጠረገ፣ በተነ፣ ቀና አለ። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርግ አንዲት ነጥብ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ በራች። ተኮስኩ። ፊቱ ወደ ቀኝ ነበርና ቀኙን ሰፋ አድርጌ ተውኩለት።

ማታ ብዙ አልነካሁትም። ጥቁሩን ትንሽ አፈካሁ፣ ነጩን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። ማጅራቱ ላይ እያንዳንዷ ነጭ ላባ ለብቻዋ ትታያለች። የመንቁሩ ነጭ ጫፍ ላይ እርጥብ እበት ተለጥፏል፤ ከሱ ላይ አንድ የሣር ጭራሮ ተንጠልጥሏል።

ባለቤቱ አይተው ወደዱት። ከዚያ ጣታቸውን መንቁሩ ላይ አደረጉ። «ይህችን እበት ብቻ አጥፊልኝ። እንግዳ ቁርስ እየበላ ነው የሚያየው።»

አስጎብኚው ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አላሉም።

«ጋሼ፣ የሚበላው በሱ ነው» አልኳቸው ባለቤቱን። «ይቅር፣ አላጠፋውም።»

ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ቁራው ለጳጉሜ ይሁን ተባለ። ከነእበቱ ታተመ።