የፒንቦሉን መብራት በሪሌ

ስታዲየም አካባቢ ጓደኛዬ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከጆተኒውና ከፑሉ ጎን፣ የ90ዎቹ የአሜሪካ ፒንቦል (ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት ማሽን) ቆሟል። በጣም የምወደው ማሽን ነው። ከካቢኔው ሥር ሰማያዊ ኤልኢዲ ልንዘረጋለት ተስማማን፤ ጌሙ መብራቱን ሲያበራ የሚበራ፣ ሲያጠፋ አብሮ የሚጠፋ።

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ከማሽኑ የራሱ መብራት መስመር ላይ መቀጠል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። መስመሩ 6.3 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፣ የኤልኢዲው ጥቅልል ደግሞ 12 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን መስመሩ ደክሞታል። 47 ቁጥር የሚባለው አምፖል አንዱ 150 ሚሊአምፔር ይስባል፤ 30 አምፖል ካለ 4.5 አምፔር በትንንሽ ፒኖች ውስጥ ያልፋል ማለት ነው፣ ለዚህ ነው በአሮጌ ፒንቦሎች ላይ የመብራቱ ማገናኛ ቡናማ ሆኖ፣ አንዳንዴም ተቃጥሎ የሚገኘው። በዚህ ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርም።

ሪሌን፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ማግኔት ሆኖ የሌላ መስመር ማብሪያ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ የምወደው ለዚህ ነው። የ6 ቮልት ትንሽ ሪሌ ኮይሉ (ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥምጥም) 100 ኦም ገደማ ነው፣ 60 ሚሊአምፔር ብቻ ይወስዳል። የአንድ አምፖል ግማሽ እንኳን አይሞላም! ማሽኑ ጭነቱን አይሰማውም።

ኤሲውን በቀጥታ ከሰጣችሁት ግን ሪሌው ዝዝዝ እያለ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩ አራት ዳዮድ በብሪጅ፣ ቀጥሎ ቮልቱን የሚያረጋጋ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ከዚያ የሚወጣው 7.5 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ይበዛል፣ 22 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ስታስገቡ ወደ 6 ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ዕቃ ሜርካቶ ይገኛል።

ሌላው ጎን ቀላል ነው። የ12 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ ፕላስ በ3 አምፔር ፊውዝ አልፎ ወደ ሪሌው ኮመን (የማብሪያው መግቢያ) ይገባል፣ ከኖርማሊ ኦፕን (ሪሌው ሲሠራ ብቻ ከሚገናኘው መውጫ) ወጥቶ ወደ ኤልኢዲው ይሄዳል፣ ማይነሱ በቀጥታ ይመለሳል። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላው ጥቅልል ሁለት ሜትር ሲሆን 2.4 አምፔር ነው፣ የሪሌው ኮንታክት ደግሞ እስከ 10 አምፔር ይችላል። የ12 ቮልቱን ማይነስ ከማሽኑ ግራውንድ ጋር አታገናኙ። ማሽኑ የ120 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው፣ ፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ከ220 ሶኬት ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው ይኑሩ፣ የሪሌ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። አንዱ ጋ የሆነ ነገር ቢበላሽ ሌላው አይነካም፣ የዚህ ማሽን ቦርድ ደግሞ እዚህ አገር ከየት ይመጣል?

ስትከፍቱት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽም ጠብቁ። የዚያ ዘመን ማሽኖች የፍሊፐር (ኳሷን የሚመታው ክንፍ) መስመር 50 ቮልት አካባቢ ነው፣ የውጤት ሰሌዳው ላይ ከ100 የሚበልጥም አለ።

አሁን ጓደኛዬ ኳሷ ባምፐር (ኳሷን መልሶ የሚያስፈነጥረው ክፍል) በመታች ቁጥር ኤልኢዲው ብልጭ ይበል እያለኝ ነው። እሱ የሪሌ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ትንሽ ሪሌ በሙሉ ጭነት 100 ሺህ ጊዜ ያህል ነው የሚቆየው፤ በሰከንድ አንዴ ብናበራው በ28 ሰዓት ያልቃል። ለብልጭታው ሞስፌት (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ማብሪያ) እናስገባለታለን፣ ከፊቱ ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ) አድርገን፣ መስመሮቹ እንደተለያዩ እንዲቀሩ።