የ2 ሰዓቷ ጀልባ

ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ባለቤቶች የትኬት ፕሮግራም ስሠራ ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ሰዓት ነው። ወደ ዘጌ የምትሄደው ጀልባ ጠዋት 2 ሰዓት ትነሳለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም ለመጣው ያገሬ ሰው 2 ሰዓት ነው፤ ለውጭ አገር እንግዳ ግን 8 ሰዓት። ቀኑም እንደዚያው ነው። አንዱ በ13 ወር ይቆጥራል፣ ሌላው በ12።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠሩን «አቀራረብ» ባልኩት አንድ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ውስጥ አስቀመጥኩ። የምጽፈው ስካላ 3 በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ይህን አቀራረብ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን (አንድ ሥራ ለሚሠራ የኮድ ክፍል) በእጄ እሰጥ ነበር። ትኬት አዘጋጁ ለጉዞ ዝርዝሩ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ሰዓት ለሚጽፈው ያቀብላል። መሃል ያሉት አይጠቀሙበትም፤ ተሸክመው ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራቸው።

ሰለቸኝና አቋራጭ ፈለግኩ። ካልተሰጠው የእኛን አቆጣጠር ይውሰድ ብዬ ዲፎልት አደረግኩለት። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ማቀበሉን ረሳሁ። ኮዱ አንዳች ሳይል ሠራ። ትኬቱ በእንግሊዝኛ ታተመ፣ ሰዓቱ ግን 2፡00 ይላል። ሁለት እንግዶች በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእነሱ 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ደረሱ። ጀልባዋ ከሄደች 6 ሰዓት ሆኗል።

«ልጄ፣ እንግዶቹ እኮ በሰዓታቸው ነው የመጡት» አሉኝ የጀልባዋ ባለቤት። አልተቆጡም። እሱ የበለጠ አመመኝ።

ዲፎልቱን አጠፋሁና የስካላን «ዩዚንግ» ያዝኩ። ፈንክሽኑ «አቀራረብ ያስፈልገኛል» ይላል። ጠሪው በእጁ አይሰጠውም፤ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ፈትሾ ለማሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ «ጊቭን» ተብሎ የተቀመጠውን በታይፑ ፈልጎ ያቀብለዋል። ካጣ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። እኔ የፈለግኩት ይህንን ነበር። ሀስኬል በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር «ሪደር» በሚባለው ያደርጋሉ፤ «አስክ» ሴቲንጉን ይጠይቃል፣ «ሎካል» ለአንድ ክፍል ብቻ ይቀይረዋል።

ግን ሌላ ስህተት ጠበቀኝ። ጊቭኑን ሁሉም ፋይል ኢምፖርት በሚያደርገው ቦታ አስቀመጥኩት። ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ ያገኘዋል፣ ስለዚህ መቼም አይጮኽም። ያ ዲፎልት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው! ደግነቱ አሁን ቶሎ ነቃሁ። ለአንድ ጉዞ ሁለት ወረቀት ይወጣል፤ ትኬቱን እንግዳው ያነበዋል፣ የተሳፋሪ ዝርዝሩን ደግሞ ጀልባ ነጂው። ለሁለቱም አንድ ጊቭን ሊያገለግል አይችልም። ስለዚህ ጊቭኑን ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው በሚታወቅበት ቦታ ብቻ ነው የምፈጥረው። ከዚያ ወዲህ «አቀራረብ ያስፈልገኛል» ያለ ፈንክሽን ሁሉ በእጅ ሳይሰጠው ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጊቭን ለምታደርጉት ነገር የራሳችሁን ታይፕ ስጡት። ኮምፓይለሩ የሚፈልገው በታይፕ ስለሆነ፣ ተራ ስትሪንግን (ጽሑፍን) ጊቭን ብታደርጉ ስትሪንግ የሚጠብቅ ሌላ ዩዚንግ ሁሉ ያነሳዋል። የተሳፋሪ ቁጥርንና መድረሻን ደግሞ ዛሬም በእጄ ነው የማቀብለው። በየጉዞው ይለያያሉ፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው በዓይኑ ሊያያቸው ይገባል።

የጀልባዋ ባለቤት ቆይተው አንድ ነገር ለመኑኝ፤ የእንግዶች ትኬት ላይ ሁለቱም ሰዓት ይጻፍ አሉ። አሁን በትልቁ 8፡00፣ ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል «በኢትዮጵያ 2፡00» ይላል።